ስለ አፍንጫ ቀለበት ልክ

ለሚወዱት ሰው ጌጥ መስጠት ጥንታዊ ልማድ ነው። ሆኖም ሰጪው የሚወደው ተቀባዩን ይሁን ወይስ የራሱን ስጦታ፥ ይህ ዘወትር ተለይቶ አይታወቅም። ሁለቱ ፍቅሮች ከሩቅ ለሚያያቸው አንድ መልክ አላቸውና። የሚለዩት ነገሩ ወደ ልክ ሲመጣ ነው፤ ይልቁንም ጌጡ የሚገባው በሥጋ ላይ በተበሳ ቀዳዳ የሆነ እንደ ሆነ።

አንድ የከተማ ወጣት ለእጮኛው የወርቅ የአፍንጫ ቀለበት ሊገዛ ወደ አንጥረኛ ቤት ገባ። ልጅቱ አፍንጫዋን ከተበሳች ገና አምስተኛ ሳምንቷ ነበረ። አንጥረኛው በዕድሜ የገፋ ሰው ነበርና ወርቁን ከማሳየቱ አስቀድሞ፥ «ልጄ፥ የተበሳችው በምን ውፍረት ነው? ከቀዳዳው እስከ አፍንጫዋ ጠርዝስ ምን ያህል ይሆናል?» ብሎ ጠየቀው። ወጣቱም ይህን አያውቅም ነበርና፥ «አባባ፥ ከሁሉ የሚበልጠውን ይስጡኝ፤ በሰርጉ ቀን ከሩቅ የሚታይ ይሁን» አለ። አንጥረኛው የጠየቀው ስለ ሥጋዋ ነው፤ ወጣቱ የመለሰው ስለ ተመልካች ነው። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ግን ለሊቃውንት ጉባኤ የሚበቃ ጥያቄ አለ። የጌጥ ልክ የማን ነው? የሰጪው ነውን፥ የተመልካቹ ነውን፥ ወይስ ጌጡን የምትሸከመው የሴቲቱ?

ጥያቄውን ከሥሩ ቈርጠው ሊጥሉ የሚወዱ ሰዎች አሉ። ሰውነትን መብሳት ራሱ ነውር ነውና ስለ ልኩ መከራከር ከንቱ ድካም ነው ይላሉ፤ ለዚህም ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ይጠቅሳሉ። ነገር ግን በዚያ ስፍራ የተከለከለው ስለ ሞተ ሰው ሐዘን ሥጋን መቧጨር ነው። ደግሞም እነዚሁ ሰዎች የሴቶች ልጆቻቸውን ጆሮ በሕፃንነታቸው ያስበሳሉ፤ አፍንጫን ከጆሮ የለየው የአገር ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ስለ ሴቶች ሽልማት የተናገረውም ክብር ከወዴት መፈለግ እንዳለበት ያስተምራል፤ ስለ አንጥረኛ ሚዛን የተናገረው የለም። የባልንጀራውን የአፍንጫ ጌጥ በግራም የሚመዝን ሰውም የራሱን ጥምጥም በክንድ ለክቶ ባያውቅ አይገርምም።

ይህን ትተን ወደ ርብቃ እንመለስ፤ የአፍንጫ ቀለበት በመጽሐፍ ክብደቱ ተመዝኖ የተጻፈው በእርሷ ታሪክ ነውና። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 እንደ ተነገረው የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ ዐሥር ግመሎች ይዞ ወደ ናኮር ከተማ ሄደ። ርብቃ ለእርሱም ለግመሎቹም ውኃ ከቀዳች በኋላ አንድ የወርቅ ቀለበትና ሁለት የወርቅ አምባሮች አወጣ። ሰብዓ ሊቃናት በግሪክ ቋንቋ ሲመልሱት የጆሮ ጌጥ ብለውታል፤ የዕብራይስጡ ንባብ ግን ሎሌው ነገሩን ለቤተ ሰቦቿ ሲያወራ ቀለበቱን በአፍንጫዋ እንዳደረገው በግልጥ ይናገራል። የቀለበቱ ክብደት በዕብራይስጥ ቤቃ ይባላል፥ ይኸውም ግማሽ ሰቅል ነው፤ የአምባሮቹ ደግሞ ዐሥር ሰቅል ነው። ሰቅል ዛሬ በምድር ቍፋሮ በተገኙት የድንጋይ መመዘኛዎች ሲታይ ወደ 11 ግራም ተኩል የሚጠጋ ነውና፥ ቀለበቱ ከ6 ግራም ጥቂት ያነሰ፥ አምባሮቹ በአንድነት ከ110 ግራም በላይ ነበሩ ማለት ነው።

መጽሐፍ የርብቃን ቁመት አልነገረንም፤ የዓይኗን ቀለም አልነገረንም፤ የጌጧን ክብደት ግን ነገረን። ለምን? በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1040 እስከ 1105 ዓ.ም. በፈረንሳይ የኖረው ራሺ የተባለው የአይሁድ ሊቅ ምሥጢር አይቶበታል። ቤቃው እስራኤል ለማደሪያው ድንኳን በየራሳቸው የሰጡትን ግማሽ ሰቅል ያመለክታል፥ ሁለቱ አምባሮች ሁለቱን ጽላት፥ ዐሥሩ ሰቅል ዐሥሩን ቃላት ያመለክታሉ ይላል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ያ ግማሽ ሰቅል ባለጠጋ እንዳይጨምርበት፥ ድኃም እንዳያጐድልበት የታዘዘ ነው። ከምሥጢሩ በታች ያለው ተራው ነገር ግን ከዚህ ያነሰ ትምህርት የለውም። ሎሌው የጌታውን ሀብት በእጁ ይዞ ነበር፤ የሰጠውም ወርቅ ጥቂት አልነበረም። ነገር ግን ወርቁን ሲያከፋፍል ለእጅ ሃያ እጅ፥ ለአፍንጫ አንድ እጅ አደረገው። እጅ እንስራ የሚያነሣ፥ ለዐሥር ግመል ውኃ የሚቀዳ ብርቱ አካል ነው። አፍንጫ ግን ትንፋሽ የሚመላለስበት ስስ ሥጋ ነው። ባለጠግነቱን በእጇ ላይ ገለጠ፤ በአፍንጫዋ ላይ ግን ታገሠ።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንጥረኛ ይከራከር ይሆናል። «6 ግራም ትዕግሥት ነውን? በዛሬው ልማድ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር፥ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የወርቅ ቀለበት ቢመዘን የግራም ሢሶ ያህል ነው። የርብቃ ቀለበት የዚህን ዐሥራ ስምንት እጥፍ ያህል ይከብዳል» ይላል። ክርክሩ እውነት ነው፤ ሊሸሹትም አይገባም። ደግሞም 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ሽቦ 6 ግራም ይሙላ ቢባል ሽቦው ከግማሽ ሜትር የማያንስ ይረዝማል፤ ይህ ቀለበት ሳይሆን ገመድ ነው። እንግዲህ የርብቃ ቀለበት ወፍራም ነበረ፤ ወፍራም ቀለበትም በጠባብ ቀዳዳ አይገባም። ሎሌው በዚያች ሰዓት አፍንጫዋን በሳ የሚል ንባብ የለም፤ ቀለበቱን አደረገላት ይላል እንጂ። ስለዚህ ርብቃ ወደ ጕድጓዱ እንስራዋን ተሸክማ ስትወርድ አፍንጫዋ ከብዙ ጊዜ በፊት ተበስቶ፥ ቍስሉ ሽሮ፥ ቀዳዳውም ጸንቶ ነበር። ስጦታው የተዘጋጀ ስፍራ አገኘ። ለርብቃ ልክ የነበረው ለሌላይቱ፥ ይልቁንም ገና በአምስተኛ ሳምንቷ ላለችው፥ ልክ አይሆንም።

ይህን ለመረዳት ሥጋው የሚሠራውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከአፍንጫ ጫፍ ግራና ቀኝ የሚወጡት ክንፎች በውስጣቸው ልም አጥንት አላቸው። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚቀበለው ከሚሸፍነው ቆዳ ነው፤ ስለዚህ ሲቈስል የሚሽረው በዝግታ ነው። ከውጭ በጥቂት ሳምንት የዳነ ይመስላል፤ ውስጡ ግን አራት ወርም ስድስት ወርም ሊቈይ ይችላል። ቍስል ደግሞ በመጀመሪያው ወራት ያብጣል። ስለዚህ ሥራቸውን የሚያውቁ በሺዎች በመጀመሪያ ቀን ቀለበት አያደርጉም፤ ቀለበት በዞረ ቍጥር ከውጭ ያለውን እድፍ ወደ ቍስሉ ያስገባልና። የሚያደርጉት እንደ ምስማር ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ ነው፤ ዘንጉንም እብጠቱ ስፍራ እንዲያገኝ ከሥጋው ውፍረት ጥቂት አስረዝመው ያስገቡታል። ዘንጉ በሥጋው ልክ ብቻ ቢቈረጥ ሥጋው ሲያብጥ የጌጡን ራስ ይውጠዋል፤ ሐኪም ካልቀደደው አይወጣም።

እንዲህም ሆኖ ያ የተረፈው ርዝመት ለዘላለም አይጠቅምም። እብጠቱ ሲበርድ ረጅሙ ዘንግ ይወዛወዛል፤ ነጠላ ስትለብስ ይይዝባታል፤ ስትተኛ ይጋደማል፥ ቀዳዳውንም ያዘነብለዋል። በመጀመሪያው ወር መድኃኒት የነበረው በሦስተኛው ወር ሕመም ይሆናል። ያን ጊዜ ወደ በሺው ተመልሳ በአጭር ማስለወጥ ይገባታል። ብዙዎች የሚስቱት በዚህ ነው፤ ልክን አንድ ቀን ተለክቶ ለሁልጊዜ የሚያዝ ቍጥር አድርገው ይቈጥሩታልና። ያው አፍንጫ፥ ያው ቀዳዳ፥ ያችው ሴት ሆና ሳለች ትናንት ትክክል የነበረው ዛሬ ስሕተት ይሆናል። ይህ ግን ልክ የለም ማለት አይደለም። ልክ አለ፤ ነገር ግን ከሥጋው ጋር አብሮ ይጓዛል።

በውፍረትም በኩል ቅኔ የሚወድ ሰው የሚደሰትበት ነገር አለ። ሽቦ የሚሠሩ ሰዎች ብረቱን ተራ በተራ እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች እየሳቡ ያሳልፉታልና፥ የሽቦው ቍጥር ከሚያልፍበት ቀዳዳ ብዛት ጋር ተያይዞ መጣ። ስለዚህ ቍጥሩ ሲበዛ ሽቦው ይቀጥናል። ለአፍንጫ የሚሆነው 20 ቍጥር 0.8 ሚሊ ሜትር፥ 18 ቍጥር 1 ሚሊ ሜትር፥ 16 ቍጥር 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በብዙ ቍጥር የተጠራው ከሁሉ ያነሰ ነው። በ18 የተበሳ ቀዳዳ በግድ 16 ቢያስገቡበት ይቀደዳል፤ 20 ቢያስገቡበት ደግሞ ቀዳዳው ይጠባል፥ በኋላም የቀድሞው ጌጥ አይገባም። ደግሞ ቀጭን ሁሉ ለሥጋ ይራራል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። ቀጭን ክር ጭነት ሲንጠለጠልበት ከወፍራም ገመድ ይልቅ እጅን ይቈርጣል፤ ቀጭን ሽቦም ክብደት ሲጫንበት ሥጋውን እየከፈለ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ልክን ከትንሽነት ጋር አንድ የሚያደርግ ሰው ነገሩን አልተረዳውም። ማነስም እንደ መብዛት በደል ይሆናል።

የቀለበት ስፋት ግን የሚወሰነው ከቀዳዳው እስከ ክንፉ ጠርዝ ባለው ርቀት ነው። ቀዳዳው ወደ ጠርዙ የቀረበ ከሆነ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከፍ ብሎ የተበሳ ከሆነ 9 ወይም 10 ያሻል። ከዚህ የጠበበ ቀለበት ጠርዙን እየጫነ ያቈስላል፥ ቀዳዳውንም ወደ ታች ይጐትታል። ብረቱንም መመርመር ይገባል፤ ኒኬል የተቀላቀለበት ጌጥ ብዙ ሰውን ያሳክካል። ለአዲስ ቍስል ቲታንየም ወይም ኒኬል የሌለበት የ14 ወይም የ18 ካራት ወርቅ ይመረጣል። አንጥረኛው ወጣቱን የጠየቀው ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ጠቅልሎ ነበር።

ልክ ሲታለፍ የሚሆነውን በግብፅ የኖረው እንግሊዛዊ ኤድዋርድ ሌን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1836 ዓ.ም. ባሳተመው ስለ ግብፃውያን ልማድ በሚናገር መጽሐፉ ጽፎታል። በገጠርና በትናንሽ ከተሞች ያሉ ሴቶች ኺዛም የሚባል፥ አብዛኛውን ጊዜ ከናስ የተሠራ የአፍንጫ ቀለበት ያደርጉ ነበር፤ ስፋቱም ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ የብርጭቆ ዶቃዎችም ይንጠለጠሉበታል። ቀለበቱ በአፍ ላይ ይወርዳልና ሴቲቱ ጕርሻ ወደ አፏ በምታደርግበት ጊዜ በአንድ እጇ ወደ ላይ ትይዘው ነበር ይላል። ሌን የባዕድ ሰው ነውና የሌላውን አገር ጌጥ ሲነቅፍ ሙሉ በሙሉ ሊታመን አይገባም፤ የጻፈው ምልክት ግን አይካድም። ሰውን እንዲያገለግል የተሠራ ጌጥ በማዕድ ሰዓት የሰውን አንድ እጅ ለራሱ አገልጋይ አደረገ። ኺዛም የሚለውም የዐረብ ቃል በግመል አፍንጫ ገብቶ ማሰሪያ ለሚታሰርበት ቀለበት የሚነገር ነው። በጌጥና በልጓም መካከል ያለው ርቀት አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው።

ሆኖም ትልቅ ጌጥ ሁሉ ልጓም አይደለም። በህንድ አገር በማሃራሽትራ ሙሽሮች ናት የሚባል በዕንቍ የተሠራ የአፍንጫ ጌጥ ያደርጋሉ። በህንድ አገር ጌጡ ሲከብድ ከቀለበቱ የሚነሣ ቀጭን ሰንሰለት በጕንጭ በኩል አልፎ በጠጕር ላይ ይታሰራል። የእነዚህ ሴቶች እናቶች ክብደትን አልፈሩም፤ ነገር ግን አፍንጫ ብቻውን እንዲሸከመው አልተዉትም፤ ጠጕርን አጋዥ ሰጡት። ሰንሰለቱን የሚያይ እንግዳ ለውበት የተጨመረ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን ጭነቱ በአንድ ስፍራ እንዳይከማች የተሠራ ነው። ይህ ከሎሌው አከፋፈል ጋር አንድ ሐሳብ ነው።

«ውበት ያለ ሕማም አይገኝም፤ ልጅቱም ራሷ ትልቁን ብትመርጥ ማን ይከለክላታል?» የሚል ሰው አይጠፋም። የመበሳት ሕማም አጭር ነው፥ የሚያልፍም ነው፤ በእርሱም ጌጡ ይገኛል። ልክ ያልሆነ ጌጥ ሕማም ግን የሚያስገኘው ነገር የለም፤ በመጨረሻም ጌጡን ራሱን ያሳጣል፤ የተተረተረ ክንፍ ቀለበት አይይዝምና። ልጅቱ ራሷ መምረጧም ነገሩን አይለውጠውም። የገዛ ሥጋዋ ቢሆንም ሥጋዋ ፈቃዷን አይሰማም፤ ስታዝዘው አያብጥም፥ ስታዝዘው አይሽርም። ከዚህ የተነሣ የጌጥ ልክ የሰጪው አይደለም፥ የተመልካቹም አይደለም፤ የሴቲቱም ፈቃድ ብቻውን አይወስነውም። ዳርቻውን የሚያኖረው ሥጋዋ ነው።

ነገር ግን ሥጋ ብቻ ይፍረድ ቢባል ደግሞ ከጌጥ ሁሉ የሚሻለው ምንም አለማድረግ በሆነ ነበር፤ ሥጋ ያለ ቀለበት መኖር ይችላልና። ሥጋ የሚያውቀው የማይቻለውን ነው፤ የሚያምረውን አያውቅም። በማይቻለውና በሚቻለው መካከል ላለው ሜዳ ዓይን ተሰጥቷል፤ ቀለበቱ ከክንፉ ጋር ይጠጋ ወይስ ጥቂት ይራቅ፥ ለቀጭን አፍንጫ ሽቦው ብቻ ይብቃ ወይስ ዕንቍ ይጨመርበት፥ ይህን የምታየው መስተዋት የያዘችው ናት። ሰጪው በዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ ጥቂት ነው፤ መጠየቅና መክፈል።

ስለ መጠየቅም በርብቃ ታሪክ አንድ የተሰወረ ነገር አለ። ነገሩ በጕድጓዱ አጠገብ ሲሆን በተተረከበት ስፍራ ሎሌው አስቀድሞ ወርቁን አወጣ፥ ቀጥሎ የማን ልጅ እንደ ሆነች ጠየቃት። በቤቷ ለወንድሟ ሲያወራ ግን ነገሩን ገልብጦ አስቀድሞ እንደ ጠየቃት፥ በኋላም ቀለበቱን እንዳደረገላት ተናገረ። ራሺ ይህን ሲተረጕም፥ ሳታውቃት እንዴት ሰጠሃት ብለው እንዳይይዙት ነው ይላል። እንግዲህ ያ ሽማግሌ ሎሌ፥ ምልክት ለምኖ ምልክቱን በዓይኑ ያየ ሰው እንኳ፥ በሰው ፊት ሲቆም ስጦታ ከጥያቄ ቀድሞ መነገሩን አልወደደውም።

ወጣቱም በዚያች ቀን ከአንጥረኛው ቤት ባዶ እጁን ወጣ። ከሰዓት በኋላ ወደ እጮኛው ቤት ሄዶ የወረቀት ቍራጭ በአፍንጫዋ አጠገብ ይዞ ከቀዳዳው እስከ ጠርዙ በእርሳስ ምልክት ሲያደርግ እናቷ ከጓዳ አይተውት ሳቁ። በማግስቱ ወረቀቱን ለአንጥረኛው ሰጠው። አንጥረኛው ተመልክቶ፥ «ስምንት ነው፤ ሆኖም እስኪሽር አይደረግም» አለው። ሰርጉም በሁለተኛው ወር ሆነ። ሙሽራይቱ ያችን ቀጭን ዘንግ እንደ ያዘች ተዳረች፤ ቀለበቱ በጥጥ ተጠቅልሎ በሣጥኗ ነበረ።